ጨለማ የሚሻው መነጽር

ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጎብየን አልፎ ሮቢት ሲደርስ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ ይጓዛል። በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ ደግሞ እየተደራረቡ ወደ ላስታ የሚወጡት ተራሮች ቆመዋል። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲጠባ፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ደመናው ከሜዳው ላይ ይገፈፍና ሌሊቱን ከዋክብት ይወርሱታል። በማማው ላይ ሆኖ ሰብሉን የሚጠብቅ የሮቢት ወጣት በራሱ ላይ የተዘረጋው ሰማይ በዓለም ላይ ጥቂት ሕዝብ ብቻ የሚያየው ዓይነት መሆኑን የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ሮቢት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ፊትን ወደ ደቡብ መለስ ቢያደርጉ ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባለው ኅብረ ኮከብ በዝቅታ ቆሞ ይገኛል። የለንደን ነዋሪ የደቡብ መስቀልን፣ የኬፕ ታውን ነዋሪም የሰሜን ኮከብን ከከተማቸው ሳይወጡ ሊያዩ አይችሉም። በዓመት ውስጥ ተራ በተራ ከራያ አድማስ በላይ የሚወጣው የሰማይ ክፍል ሲሰላ ከመላው ሰማይ ከመቶ ዘጠና ስምንት እጅ ይበልጣል።

ይህን ሰማይ በመሣሪያ ለመመርመር በአገራችን የተደረገው ጥረት ዕድሜው አጭር፣ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ነው። ነገሩ የመስተዋት ስፋትና የገንዘብ መጠን ብቻ ሆኖ አያውቅም። የከዋክብት መመልከቻ ጨለማን ይሻል፤ ሕዝብ ደግሞ ብርሃንን ይሻል። በዓለም ላይ የተተከሉ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ታሪክ በዚህ ቅራኔ ውስጥ ሲጻፍ ኖሯል። የኢትዮጵያውም ቴሌስኮፕ ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ወደ ላስታ ሲያማትር የገጠመው ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ ስለ ሰማይ ያልጻፈች አገር አይደለችም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የምዕራቡ ሊቃውንት እንደ ጠፋ የቆጠሩት መጽሐፍ ነበር፤ ሪቻርድ ሎረንስ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ያሳተመው በ1821 ነው። ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ያለው ክፍል የብርሃናትን ዑደት ይናገራል። በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት ደጆች አሉ፤ ፀሐይ ከደጅ ወደ ደጅ እየተዛወረች ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ዓመቱ 364 ቀን ሆኖ ያለ ትርፍ ለ52 ሳምንት ይከፈላል። በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ብራና ቁርጥራጮች ይህ ክፍል ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ አረጋግጠዋል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወርም በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ራሱን የቻለ መጽሐፍ አውጥቷል።

ሆኖም ይህን ክፍል በላስታ ሰማይ ሥር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። እንደ ሄኖክ አቆጣጠር በዓመቱ ረጅም ቀን መዓልቱ 12 እጅ፣ ሌሊቱ 6 እጅ ነው፤ መዓልቱ የሌሊቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በራያ ግን የዓመቱ ረጅም ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት አይወርድም። የሁለት ለአንድ ልኬቱ በጥንታዊት ባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ የሚገኝ የቆየ ስሌት ነው፤ የተሰላውም ለሌላ አገር ሰማይ ነው። ጽሑፉ እንደ ቅዱስ ቃል ተከብሮ ሲቀዳ ስለ ኖረ ቁጥሩ ሳይነካ ከብራና ወደ ብራና ተሻገረ። ጠብቆ ማቆየት ታላቅ ውለታ ነው፤ ዓለም መጽሐፉን ያገኘው በዚህ ውለታ ነው። ነገር ግን በጽሑፍ የተከበረው ሰማይና ከደጃፍ በላይ ያለው ሰማይ ለየብቻ መኖር የጀመሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ባሕረ ሐሳብ ከዚህ ይሻላል፤ ቁጥሩ ከተፈጥሮ ጋር ይገጥማልና። የጨረቃና የፀሐይ ዑደት በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ይገናኛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ያልፋሉ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸውን የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡት ከዚህ ነው። የዚህ ስሌት ውበቱም ድክመቱም አንድ ነው፦ ቀና ብሎ ሰማይ ሳያዩ በጣት አንጓ ይሠራል። ሦስተኛው መንገድ የዐውደ ነገሥት ነው። የሰውዬውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው በ12 ይገደፉና ቀሪው «ኮከቡ» ይባላል። በአማርኛ «ኮከብ ቆጣሪ» የተባለው ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ ከኮከብ የራቀ መሆኑ የቋንቋችን ቀልድ ነው። መምህራን እንደሚያውቁት የሥነ ፈለክ ትምህርት በክፍል ውስጥ በተነሣ ቁጥር ከተማሪ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዕድልና ስለ ጋብቻ ነው።

ሰማይን በመሣሪያ መለካት በሌላው ዓለም ሲስፋፋ የኢትዮጵያ ስም ወደ ሥራው የገባው ባልታሰበ በር ነው። የጥንት ግሪኮች በሰሜኑ ሰማይ ላይ አንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሥለው ነበር፦ አባትየው ኬፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ እናትየዋ ካሲዮፔያ፣ በዓለት ላይ በሰንሰለት ታስራ ለባሕር አውሬ የቀረበችው ልጃቸው አንድሮሜዳ። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር በጅምላ መጥራታቸው ነበርና በዚህ ተረት ከልክ በላይ መኩራት ለታሪክ አይበጅም። ያም ሆነ ይህ በኬፌዎስ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ዴልታ የተባለችው ኮከብ በየ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ ትደምቃለች፣ መልሳም ትፈዛለች። ይህን በ1784 የደረሰበት ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ገና በ21 ዓመቱ አረፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሐርቫርድ መመልከቻ ውስጥ የፎቶግራፍ መስተዋቶችን ስትመረምር የኖረችው ሄንሪየታ ሌቪት፣ እሷም ጆሮዋ እየደከመ የሄደ ሴት፣ የእነዚህን ተለዋዋጭ ከዋክብት ምሥጢር አገኘች። በ1912 እንዳሳተመችው ዑደቱ የረዘመ ኮከብ እውነተኛ ድምቀቱም የበዛ ነው። የፋኖሱን እውነተኛ ድምቀት የሚያውቅ ሰው በሩቅ ሲደበዝዝበት ርቀቱን መገመት ይችላል፤ የሌቪትም ግኝት ለሥነ ፈለክ የሰጠው ይህንኑ ነው።

በ1923 መገባደጃ ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ በቆመው፣ በጊዜው ከዓለም ትልቁ በነበረው ባለ 2.5 ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን ደመና ሲያነሣ ከመካከሉ የኬፌዎስ ዓይነት ተለዋዋጭ ኮከብ አገኘ። ርቀቱን ሲያሰላ ወደ 900,000 የብርሃን ዓመት ደረሰ፤ ዛሬ የታወቀው ርቀት 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ደመና የተባለው በቢልዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ያሉት ሌላ ጋላክሲ ሆነ፤ የሰው ልጅ መኖሪያም ከብዙዎች አንዱ መሆኑ ታወቀ። በተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ በተባለው ስም የሚጠሩት ከዋክብት የልጁን ደመና ርቀት ለኩ። በኅዳር ምሽት ከቆቦ ሜዳ ላይ ሁለቱም፣ አባትየውም ልጅቱም፣ በሰሜን በኩል ጎን ለጎን ይታያሉ።

የዊልሰን ተራራ ቴሌስኮፕ ዕጣ ግን ለእንጦጦ ትምህርት ሊሆን የሚገባው ነው። በ1917 ሥራ ሲጀምር ከሥሩ ያለችው ሎስ አንጀለስ ከተማ ገና አላበጠችም ነበር። ከተማይቱ እያደገች፣ መብራቷ እየበዛ ሲሄድ የተራራው ሰማይ ነጣ። ባለ 5 ሜትሩ ታላቅ ቴሌስኮፕ ከከተማይቱ ሸሽቶ በፓሎማር ተራራ ላይ በ1948 ተመረቀ፤ ነባሩም በ1985 ለጊዜው ተዘጋ። ወደ አፍሪካ ስንመለስም ነገሩ ያው ነው። ግብፅ በ1903 መመልከቻዋን ወደ ሔልዋን አዛወረች፤ ካይሮና ፋብሪካዎቿ ሲጠጉት ባለ 1.88 ሜትሩን ቴሌስኮፕ በምሥራቁ በረሃ በኮታሚያ ኮረብታ ላይ ተከለች፤ ይህም በ1964 ሥራ ጀመረ። ደቡብ አፍሪካ በ1820 በኬፕ የተመሠረተውን ንጉሣዊ መመልከቻ ይዛ ብዙ ከቆየች በኋላ የምርምር ቴሌስኮፖቿን ወደ ካሩ ደረቅ ምድር፣ ወደ ሰዘርላንድ አወጣች። በዚያ በ2005 የተመረቀው ታላቅ ቴሌስኮፕ መስተዋቱ ከ91 ቁርጥራጮች የተገጣጠመና 11 ሜትር ስፋት ያለው ነው። ሁሉም የተመሠረቱት በከተማ አጠገብ ነበር፤ ሁሉም ከከተማ ሸሹ።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የምርመራ ጣቢያ የተጀመረው ከከዋክብት ሳይሆን ከምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 በቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ መነኩሴ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ አቋቋሙ። አዲስ አበባ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ በመሆኗ እዚያ የሚሰበሰበው መረጃ ለዓለም ሊቃውንት ብርቅ ነበር። ብዙ ሳይቆይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያውም ተጨመረ፤ ጉዌን የሰበሰቡት የመንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ በ1979 ወጣ። በዚያው ዘመን፣ ስፑትኒክ በ1957 ከተወነጨፈች ወዲህ፣ አሜሪካኖች ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችን የሚከታተሉ ታላላቅ ካሜራዎች በየአህጉሩ ይተክሉ ነበር። በ1960ዎቹ ከእነዚህ አንዱ በደብረ ዘይት ቆመ። ቤከርና ነን በሚባሉ ሠሪዎቹ ስም የሚጠራው ይህ ካሜራ 50 ሴንቲ ሜትር የብርሃን መግቢያ የነበረው፣ ብዙ ቶን የሚመዝን መሣሪያ ነው። ፊልሙ ለትክክለኛው ልኬት የሚላከው ግን ወደ ማሳቹሴትስ ነበር። ሰማዩ የኢትዮጵያ፣ ስሌቱ የሌላ መሆኑ በጊዜው ብዙም አላነጋገረም። ካሜራው በመጣበት አኳኋን ሄደ፤ ትምህርት ቤት ሳይሆንም ቀረ።

የከዋክብት ምርምር በአገር ልጆች እጅ እንዲጀመር የተነሡት ጥቂት ሰዎች በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበርን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ መካከል የፊዚክስ ምሁሩ ዶክተር ለገሠ ወትሮ ይገኙበታል፤ አቶ ተፈራ ዋልዋም ማኅበሩን በመሪነት ደግፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማኅበሩን ሰዎች ያላላገጠባቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። እንጀራ ለሚቸግረው ሕዝብ ኮከብ ምን ይረባዋል የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣ ነበር፤ ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ክፉ የሚሆነው መልስ እንደሌለው ሆኖ ሲጠየቅ ነው። ማኅበሩ የሰጠው መልስ በትምህርት ቤቶች የሥነ ፈለክ ክበባትን ማቋቋምና መመልከቻ መሥራት ነበር።

ቦታው እንጦጦ ሆነ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ። ምኒልክና ጣይቱ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የሰፈሩበት፣ በብርዱና በማገዶው እጥረት ትተውት ወደ ፍልውሃ የወረዱበት ተራራ ነው። ሰዎች ሙቀት ፍለጋ የለቀቁትን ከፍታ መነጽር ተመልሶ ያዘው። በጀርመን አገር የተሠሩት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙት ሁለት ቴሌስኮፖች በየጉልላታቸው ሥር ቆመው ጣቢያው በ2015 ተመረቀ። 3.4 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ለሚሆነው ወጪ ገንዘቡን የለገሱት ሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ናቸው። የእንጦጦ መመልከቻና ምርምር ማዕከል ይባላል፤ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረትም የምሥራቅ አፍሪካ ጽሕፈት ቤቱን በዚያ አስቀመጠ።

የአንድ ሜትር መስተዋት ምን እንደሆነ በሥዕል ለማየት ይህን ማሰብ ይበቃል። በጨለማ የተከፈተ የሰው ዓይን ብሌን ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ከእሱ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ዓይን ያየውን ወዲያው ይረሳል፤ የቴሌስኮፑ ኤሌክትሮናዊ ካሜራ ግን ለደቂቃዎችና ለሰዓታት ብርሃንን ያጠራቅማል። ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ የሚበትነው መሣሪያ ደግሞ ኮከቡ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚግል፣ ወደ እኛ ይምጣ ወይም ይራቅ ያስነብባል። በዓለም መለኪያ የአንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ትንሽ ነው። ነገር ግን ትልልቆቹ መነጽሮች ጥቂት ሌሊት ብቻ ለአንድ ሥራ ሲሰጡ፣ ትንሹ አንድ ተለዋዋጭ ኮከብ ላይ ወራት ሙሉ ሊተጋ ይችላል። ጉድሪክ ዴልታን የተከታተለው በዓይኑ መሆኑም አይዘነጋም።

ስለዚህ የእንጦጦን ዋጋ በመስተዋቱ ብቻ መመዘን ስሕተት ነው። ዋናው ነገር በዚያ ጉልላት ሥር የሚያድረው ሰው ነው። ማዕከሉን የመሩት የአስትሮፊዚክስ ምሁሩ ዶክተር ሰሎሞን በላይ ሲጀምሩ በአገር ውስጥ በሙያው የሠለጠነ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2016 ማዕከሉን የያዘው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመሩ። ስለ ጋላክሲዎችና ገባሪ እምብርታቸው የሚመራመሩት ሰርቢያዊቷ ዶክተር ሚርያና ፖቪች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ማስተማራቸውና ወጣት ሴቶችን ወደ ሳይንስ ማቅረባቸው በዓለም መድረክ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ማሳቹሴትስ ይላክ የነበረው የደብረ ዘይት ፊልም ሲታወስ፣ ስሌቱን በአዲስ አበባ የሚሠራ ተማሪ መኖሩ ከጉልላቱ ይልቅ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ጠላቶች ከመጀመሪያው ታውቀው ነበር። አንደኛው ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም እንጦጦ በደመና ትሸፈናለች። ሁለተኛው ከሥር ያለው ከተማ ነው። አዲስ አበባ በየዓመቱ ትሰፋለች፤ መብራቷም ወደ ሰማይ ይረጫል። ቦታው የተመረጠው ለዩኒቨርሲቲው፣ ለመንገዱና ለኤሌክትሪኩ ቅርብ በመሆኑ ነው፤ ለማሠልጠኛ ተገቢ ምርጫ ነበር። ለዘለቄታው ግን የዊልሰን ተራራን ታሪክ በአጭር ጊዜ ውስጥ መድገም ነው።

ይህን የሚያውቁት የማኅበሩ ሰዎች ገና እንጦጦ ሲመረቅ ጀምሮ ዓይናቸውን በሰሜን ላይ ጥለው ነበር። ለሁለተኛውና ለሚበልጠው መመልከቻ የታሰቡት በላሊበላ ዙሪያ ያሉት የላስታ ተራሮች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ታላላቆቹ የሃዋይ ቴሌስኮፖች ከቆሙበት ከማውና ኬያ ጋር ይተካከላል። በቀጥታ መስመር ከሮቢት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ከፍታው ግን ከራያው ሜዳ በብዙ ይበልጣል። በዚያ ከፍታ ከአየሩ ሲሶ የሚበልጠው፣ ከነአቧራውና ከነእርጥበቱ፣ ከእግር በታች ይቀራል። ኮከብን የሚያርገበግበው ይኸው አየር ነውና መመልከቻን ወደ ተራራ የሚያወጣው ውበት ሳይሆን ይህ ነው። ክረምት በላስታም አለ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ።

ሰማዩ ራሱም ቦታውን የመረጠ የመሰለበት ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 2020፣ በእኛ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። የቀለበታዊው ግርዶሽ መሥመር ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ በላሊበላ ላይ አለፈ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ በከተማይቱ ሰማይ ላይ ፀሐይ ቀጭን የእሳት ቀለበት ሆና ታየች፤ በራያም አብዛኛው አካሏ ተሸፈነ። ዓለም በወረርሽኙ ምክንያት በሯን ዘግታ ስለነበር ከውጭ ሊመጣ የሚችለው ሕዝብ አልመጣም። ያየው የአገሩ ሰው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንታት እንዳለፈ ጦርነቱ ደረሰ። በ2021 ክረምት ላሊበላና ቆቦ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ የራያ ሜዳ በዚያ ዓመትም በ2022ም የጦር ሜዳ ሆነ፤ በቆቦና በዙሪያዋ ሲቪሎች ተገደሉ፤ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ መብራት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። የላስታው መመልከቻ ከዕቅድ ወደ ግንብ አልተሻገረም። በ2019 ከቻይና የመጠቀችው 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትና በ2020 የተከተለቻት የተቋሙን ዓይን ወደ ምድር መለሱት፤ ድርቅ ለሚያውቀው ለራያ ገበሬ ይህ ጠቃሚ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ተቋሙም ቆይቶ ከጂኦስፓሻሉ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሐደ። በዚህ ሁሉ መካከል የተራራው ዕቅድ ድምፁ ቀነሰ።

የነገሩ መራራ ጫፍ እዚህ ላይ ነው። የከዋክብት ተመራማሪ የላስታ ሌሊት ጥቁር ነው ሲል ማመስገኑ ነው። ያ ጥቁረት ግን ከፊሉ የተፈጥሮ ስጦታ፣ ከፊሉ የመብራት ምሰሶ አለመድረሱ ነው፤ በጦርነቱ ወራት ደግሞ የተበጠሰ ሽቦ ነበር። በኩራዝ ለምታዋልድ ሴት፣ በጭስ ዓይኑን እያሸ ለሚያጠና ተማሪ ይህን ጨለማ እንዲወድ መንገር ድፍረት ነው። መመልከቻው ለራያና ለላስታ ሕዝብ የሚመጣው መብራት እንዳይመጣ የሚከለክል ሆኖ ከታሰበ መቅረቱ ይሻላል።

እንደዚያ መሆኑ ግን ግድ አይደለም። ሰማይን የሚያነጣው መብራት መብራቱ ሳይሆን ያለ ቦታው የሚረጨው ነው። በአሪዞና ያለችው ፍላግስታፍ ከተማ በ1958 ወደ ሰማይ የሚወረወሩ የማስታወቂያ መብራቶችን በሕግ ከለከለች፤ ከተማይቱ ከዚያ ወዲህ አድጋለች፣ ሌሊቷን ግን አላጣችም። ታላላቅ ቴሌስኮፖች የሰፈሩባት ቺሌም በ1998 ለሰሜኑ ክፍለ አገሯ የመንገድ መብራት ሥርዓት አወጣች። ሥራው ከባድ አይደለም፦ አምፖሉ ከላይ ቆብ ይደረግለታል፣ ብርሃኑ ወደ መንገዱ ይወርዳል፣ ነጭነቱ ይቀነሳል። እንዲያውም ወደ ሰማይ የሚባክነው ተመልሶ ወደ መሬት ሲወርድ ኃይል ይቆጠባል። ከወልዲያ እስከ ቆቦ፣ ከጋሸና እስከ ላሊበላ ምሰሶ ገና በሚተከልባቸውና የፈረሰው በሚጠገንባቸው ከተሞች ይህን ከመነሻው ማድረግ ተተክሎ ያለቀውን ከመለወጥ እጅግ ይረክሳል። ሎስ አንጀለስ ያጣችውን ዕድል ወሎ ገና አላጣችም። ይህን የሚወስነው የከዋክብት ሊቅ ሳይሆን የአምፖሉን ዓይነት የሚመርጠው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው።

በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንድ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ ሕዝብ አንድ ኮከብና በዙሪያዋ የምትዞር አንዲት ፈለክ እንዲሰይም ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው በ2009 ፈለክ የተገኘበት፣ በቁጥር ብቻ ይታወቅ የነበረ ኮከብ ነው። ኢትዮጵያውያን ኮከቡን «ቡና»፣ ፈለኩን «አቦል» አሉት፤ ስሙም በኅብረቱ መዝገብ ጸደቀ። አቦል ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የምትከብድ፣ ቡናን ለመዞር ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ጊዜ የሚፈጅባት ናት። ቡና ያለችውም በዚያችው በንጉሥ ኬፌዎስ ልጅ፣ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ርቀቷ 200 የብርሃን ዓመት ያህል በመሆኑ ዛሬ ከእሷ የሚደርሰው ብርሃን የተነሣው መጽሐፈ ሄኖክ በሎረንስ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመበት ዘመን አካባቢ ነው። በባዶ ዓይን ለማየት በጥቂቱ ትደበዝዛለች። ተራ አቅራቢ መነጽር ግን ይበቃታል፦ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የሮቢት መምህር ተማሪዎቹን ከመንገዱ መብራት ራቅ አድርጎ፣ በሰሜን በኩል ከአድማሱ ወደ ላይ ሁለት ሲሶ ቀና ቢያደርጋቸው በዚያ አካባቢ አለች።